ቪትዝ የመረጠችው ሰብለወርቅ

ፉሪ ዳገቱ ላይ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው ከሚጀምርበት ጋ የቆመችውን ነጭ የጃፓን ጭነት መኪና እዩዋት። ትንሽ ናት። ከፊት ሁለት ሰው ታስቀምጣለች፣ ከኋላ ክፍት ናት። ኋላዋን ግን ተዉት፤ ሁላችንም ስናይ የኖርነው ኋላዋን ነው። ጠጋ በሉና በመስኮቱ ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር እዩ። ጀርባው ቆርቆሮ ነው፣ ወደ ኋላ አይተኛም። አንድ የታመመ ሰው እዚያ ላይ ተቀምጦ አዲስ አበባ ድረስ ሲሄድ፣ ሲመለስም፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አስቡት። አሰባችሁ? እሺ፣ አሁን ስሙኝ።

የመኪናዋ ባለቤት ወንዳፍራሽ ይባላል። አርባ አራት ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው መሃል አዲስ አበባ ነው፤ የቤት ኪራይ አባሮት ወደ ፉሪ ከመጣ ሰባት ዓመት ሆነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰው አይሱዙ ነድቷል፣ ከሱሉልታ ድርቆሽ፣ ከተፍኪ ጤፍ ሲጭን። ዝምተኛ ነው። አንድ ነገር ስትጠይቁት መጀመሪያ «እሺ» ይላችኋል፣ የጠየቃችሁትን የሚያስበው ከዚያ በኋላ ነው።

ሚስቱ ሰብለወርቅ ዝም አትልም ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ በሩ ላይ ሲንጀሯን ዘርግታ አላፊ አግዳሚውን ስትተርብ ነው የማውቃት። ልጅ አልነበራቸውም። የዛሬ ሦስት ዓመት ሁለቱም ኩላሊቶቿ መሥራት አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ሕይወቷ አዲስ አበባ ውስጥ ያለች አንዲት ማሽን ላይ ተንጠለጠለ፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ሙሉ ደሟ ይታጠባል። ተራዋ ስድስት ሰዓት ነው። ካለፈ ማሽኑ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነዋ። እጥበቱ ከቀረ ደግሞ ውኃው ሰውነቷ ውስጥ ይጠራቀማል፣ እግር ላይ ጀምሮ ወደ ሳንባ ይወጣል። ይህን ነርሷ ለወንዳፍራሽ በግልጽ ነግራዋለች፤ እሱም ነግሮኛል።

መኪና ሳይኖራቸው ዳገቱን በእግር ወርደው፣ በሁለት ታክሲ ነበር የሚሄዱት። ስትመለስ ያዞራታል። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ አስመለሳትና አጠገቧ የነበሩት ሰዎች ቦታ ቀየሩ። ለዚህ ነው መኪና የፈለጉት። ለሌላ አይደለም። ገንዘቡም የመጣው ከእሷ ነው፤ የእናቷ ቤት ሲፈርስ ከተሰጠው ካሳ ለእሷ የደረሳት። ይሄን አትርሱብኝ።

አንድ እሑድ ቡራዩ ሄዱ፣ አብዱሰመድ የሚባል የመኪና ደላላ ጋ። አብዱሰመድ ሁለት መኪና አቆመላቸው፤ አንዲት ግራጫ ቪትዝና ይህችን ነጭ ጭነት። ሁለቱም ከጃፓን የመጡ አሮጌዎች፣ ዋጋቸውም የሚቀራረብ። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው ሁሉ እንደ አዲስ ነው የሚሸጠው፤ አብዱሰመድም ዛሬ ያልገዛ ሰው ከርሞ ቪትዝን በፎቶ ነው የሚያያት እያለ ይቀልድ ነበር።

ሰብለወርቅ ሳትጠየቅ ቪትዟ ውስጥ ገባች። ከወንበሩ ጎን ያለውን ማንሻ ሳበች፣ ወንበሩ ተኛላት፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ አለቀ፣ እዚሁ ከነእኔ ጠቅልሉልኝ አለች። ደላላው ሳቀ። ወንዳፍራሽ አልሳቀም። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ የቪትዟን ሆድ ከመሬት በስንዝር ይለካ ነበር። አንድ ስንዝር አይሞላም። የፉሪን ዳገት ታውቁታላችሁ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ቪትዝ ሆዷን እየጎተተች ወይ ትቆማለች ወይ ተገፍታ ትወጣለች። ደግሞስ እጥበቱ በምን ይከፈላል? በቪትዝ ሰው ማመላለስ ይቻላል፤ እሱ ግን ሰው አመላልሶ አያውቅም። ጭነት ያውቃል። የሱሉልታ ድርቆሽ ነጋዴዎች በስሙ ይጠሩታል፤ መኪና ካለህ ሥራ አለህ ብለውታል።

እሱ ልክ ነበር። እሷም ልክ ነበረች። የሚያናድደኝ ይሄው ነው፤ አንዳቸው ሞኝ ቢሆኑ ኖሮ ሞኙን ሰድቤ እገላገል ነበር።

ያኔ ሰብለወርቅ ከቪትዟ ወጥታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እውነተኛውን ምክንያቷን ነገረችው።

«ወንዴ፣ ቪትዝ ድንኳን አትጭንም። አልጋ አትጭንም። ስለዚህ ማንም አይለምናትም፣ የእኔ ትሆናለች። ይህችን ነጯን ከገዛህ ግን የሰፈሩ ናት። አንተ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረብህም።»

«ማክሰኞና ዓርብ ያንቺ ናት» አላት። «በእናቴ ሞት። ማንም አይነካትም።»

አብዱሰመድ መሃል ገብቶ፣ ምስክሩ እኔ ነኝ፣ ለምስክርነት ኮሚሽን አላስከፍልም አለ። ሦስቱም ሳቁ። ነጯ ተገዛች።

አምስት ወር ጥሩ ነበር፣ መዋሸት አልፈልግም። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ከሱሉልታ ድርቆሽ፣ አንዳንዴ ከለገዳዲ ጎመን ይጭናል። ማክሰኞና ዓርብ ሰብለወርቅ ከጀርባዋ ትራስ አድርጋ ጋቢናው ውስጥ ትቀመጣለች። ትራሷ ላይ የሱሉልታ ሣር እየተሰካ፣ ነርሷ አንድ ቀን ከላም በረት ነው የመጣሽው ብላ ቀልዳባታለች። እሷም መታለቤ ነው የቀረው አለች። ቤት ኪራይ ይከፈላል፣ እጥበት ይከፈላል።

ከዚያ ሰፈሩ ጀመረ። መጀመሪያ ፍሪጅ። ቀጥሎ የሙሽራ አልጋ። ምጥ የያዛት ሴት፣ እሺ፣ እሱ ተገቢ ነው። ጥጃ። የአሸዋ ማበጠሪያ። እኔም አለሁበት፤ የብረት በሬን ከሰበታ ያመጣልኝ እሱ ነው፤ ነዳጅ እሞላልሃለሁ ብዬ አልሞላሁም። ሁላችንም እንዲህ ነን። መኪናዋ ክፍት ስለሆነች ሰውዬውም ክፍት መሰለን።

ትልቁ ግን እድሩ ነው። የእድራችን ዳኛ ኦቦ ጃራ ናቸው፤ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ ዛሬ ሁላችንም ቤት የሠራንበት መሬት አባታቸው ያረሱት ነው። ወንዳፍራሽ ሰባት ዓመት ሙሉ ወርኃዊ መዋጮውን እየከፈለ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ስሙን የሚጠራ አልነበረም፤ «የልብስ ሰፊዋ ባል» ነበር የሚባለው። መኪናዋ በመጣች በስድስተኛው ወር፣ በስብሰባ ላይ ኦቦ ጃራ ተነሡና፣ የእድሩን ድንኳን፣ አግዳሚና ብረት ድስት የሚረከብ የዕቃ ኃላፊ እንፈልጋለን አሉ። ቀጥለውም፦

«ኦቦ ወንዳፍራሽ ቢሆንልን ምን ይመስላችኋል?»

ኦቦ፣ በኦሮምኛ አቶ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ተፈናቅሎ የመጣ ተከራይ፣ በዚያ ሽማግሌ አፍ «ኦቦ» ተባለ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቤቱ ሲደርስ ለሰብለወርቅ ነገራት፣ እሷም ሳቀችበት።

«ኦቦ የተባለችው መኪናዋ ናት፣ ጅሌ» አለችው። ከዚያ ሳቋን አቁማ ጠየቀችው፤ «የእኔን ማክሰኞ ነግረሃቸዋል?»

እነግራቸዋለሁ አለ። አልነገራቸውም። አፈረ። ገና በተሾመ ማግስት፣ እኔ በሳምንት ሁለት ቀን አልገኝም ማለት ሹመቱን መመለስ መሰለው። ደግሞ በሽታ ይነገራል እንዴ? በእኛ ዘንድ በሽታ «ትንሽ አሟት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ግን እኛስ? በየማክሰኞው፣ በየዓርቡ፣ ትራስ ይዛ ስትወርድ እናያታለን። እግሯ አብጦ ጫማዋን ረግጣ ስትሄድ እናያለን። ሰላም እንላታለን። ወዴት ነሽ ያላት የለም። የሚያስፈልገን መኪናዋ ስትመለስ ነበር።

አንድ ዓርብ የቀብር ዕቃ ሲያደርስ አረፈደና ሰብለወርቅ ማሽኑ ላይ የተኛችው ለሁለት ሰዓት ብቻ ሆነ። ሌላ ማክሰኞ ለብቻዋ በታክሲ ሄደች። ሁለቱንም ጊዜ አልጮኸችበትም፤ ቃልህን አስታውስ ብቻ አለችው።

ሐምሌ ላይ እማማ ተረፈች ሞቱ። የተፍኪ ተወላጅ ናቸው፣ ከእናታቸው አጠገብ ቅበሩኝ ብለው ነበር። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ወዲያው ኦቦ ጃራ ራሳቸው፣ በዝናብ፣ ጃንጥላ ይዘው የወንዳፍራሽን በር አንኳኩ። አስከሬኑ በኪራይ መኪና ይሄዳል፣ ድንኳኑና አግዳሚው ግን ተፍኪ መድረስ አለበት።

«አካም ቡልተኒ» አሉ ሽማግሌው፣ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው።

ወንዳፍራሽ በሩን እንደያዘ፣ «ማክሰኞ ነው እኮ፣ አባባ» አላቸው። ይህን ብቻ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ሦስት ሰዓት ላይ ቀብረን፣ አራት ሰዓት እዚህ ነህ። አንተ ካልጫንክልኝ ማን ይጫንልኝ?»

እሳቸው ያወቁት ማክሰኞ መሆኑን ነው። ማክሰኞ ምን እንደሆነ አያውቁም። እሱም አልተናገረም። «እሺ» አለ። ወደ ውስጥ ሲመለስ ሰብለወርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት እንዳለባት ነገረችው። አራት ሰዓት ላይ በር ላይ እሆናለሁ አላት።

ተፍኪ ላይ የሆነውን ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት። ቀብሩ አራት ሰዓት አለቀ። ድንኳኑ የሟች ዘመዶች ግቢ ተተክሏል፤ ዝናቡ ያወርደዋል፤ ከሥሩ ስልሳ ሰው ተቀምጦ እዝን ይበላል። ሰው የተጠለለበትን ድንኳን እንዴት ይነቅላል? ለአንድ ሰውዬ ቀስ ብሎ፣ መሄድ ነበረብኝ አለው። ሰውዬው፣ እህል ሳይቀመስ ድንኳን ሲነቀል የት አይተሃል ብሎ ገሠጸው። ወንዳፍራሽ ወጥቶ መኪናው ጋ ቆመ። ስልኩ ጠራ፤ ሰብለወርቅ ናት።

«ተነስተናል» አላት።

አልተነሡም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ደወለች። ሰበታ ደርሰናል አላት። አልደረሱም፤ ገና ድንኳኑ አልተነቀለም። ይሄን ውሸት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ጠዋት ራሳችሁ ብላችሁታል፣ አልጋ ላይ ሆናችሁ «መንገድ ላይ ነኝ» ብላችኋል። ሰው አይሞትበትም ብለን ነው።

ድንኳኑን እዚያው ጥለህ ለምን አልመጣህም አልኩት። «ኃላፊ ነኛ» አለኝ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጭነው ወጡ። የተፍኪ ጥቁር አፈር ሐምሌ ላይ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቃል። አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ የኋላ ጎማዋ ሰመጠ።

እዚህ ደግሞ ሰብለወርቅ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ የምትኖረው ሚንሃ መጥታ አጠገቧ ቆመች፤ መኪና ልጥራልሽ አለቻት። ሰብለወርቅ ሰበታ ደርሷል እኮ፣ አሁን ብቅ ይላል አለች። ሚንሃ ግን ደወለች፤ ሁለት ሹፌሮች ፉሪ ዳገት መሆኑን ሲሰሙ ሰረዙ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሁለቱ ሴቶች በእግር ወረዱ። ሰብለወርቅ በየአጥሩ ትቆማለች። አንድ ጫማዋ አልገባላት ብሎ በእጇ ይዛዋለች። ሚንሃ ስትነግረኝ፣ ያለፍንባቸውን ግቢዎች ቆጠርኳቸው አለችኝ፤ አራቱ ውስጥ መኪና ቆሟል። በሩን ማንኳኳት አፈርን፣ ሰው ምን ይለናል ብለን አለች።

ከአራቱ አንዱ የእኔ ግቢ ነው። ቪትዝ ነች። ቤት ነበርኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ደረሱ። ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ነርሷ አዝና ወዲያ ወዲህ ደወለች፤ ሌላውም ቦታ ሞልቷል። ነገ ጠዋት የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ አለቻት።

ወንዳፍራሽ አሥር ሰዓት ላይ በጭቃ ተለውሶ ገባ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ የያዘው ሰው ገና ከተፍኪ አልተመለሰም ነበርና ርጥቡ ድንኳን ከነብረቱ መኪናዋ ላይ አደረ። ሰብለወርቅ አልተቆጣችውም። ይሄን ደጋግሞ ይነግረኛል፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር ይላል። ስትተኛ መተንፈስ አቃታት፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ሲነጋ፣ ረቡዕ፣ ትንፋሿ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው መንቦቅቦቅ ጀመረ። ተሸክሞ አወረዳት፣ ያ የማይተኛው ወንበር ላይ አስቀመጣት።

ጀሞ ሲደርሱ መንገዱ በጠዋቱ መኪና ተዘግቶ ነበር። ክላክስ አደረገ፣ ወርዶ ለመነ፤ ሰው ጭነት መኪና ውስጥ በሽተኛ አለ ብሎ አያስብም። ከኋላ የድንኳኑ ብረት በየጉድጓዱ ይንቋቋል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«የእድሩ ድንኳን ነው። አልመለስኩትም።»

«መልስላቸው» አለች። «ሰው ይፈልገዋል።»

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲደርስ እጇ ቀዝቅዟል።

ድንኳኑ በዚያው ቀን ለእሷ ተተከለ። ከመኪናው ላይ ብረቱን ያወርድ የጀመረው ራሱ ነው፤ አንድ ሰው ከእጁ እስኪነጥቀው ድረስ። በማግስቱ ቀብሯ ሆነ። አስከሬኑን ማን ይጫን? ሰፈሩ ውስጥ ከኋላዋ ክፍት የሆነች ያቺው አንዲቷ ናት። ሌላ እንከራይ ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። ሚስቱን ራሱ ነድቶ ወሰዳት። ከኋላው ቪትዞቻችን ተሰለፉ፣ አሥራ አንድ ነበሩ፣ ታጥበው፣ መብራታቸውን እያብለጨለጩ። ማክሰኞ ዕለት አንዷ ብትነሣ ኖሮ አሥራ አንዱም ባላስፈለጉ።

ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ሙሉ የሰማሁት ምንድን ነው? «ቀኗ ደርሶ ነው።» እየተቀባበሉ፣ ጉንጫቸውን በነጠላ እየጠረጉ፣ ቀኗ ደርሶ ነው። አይደለም። የሰብለወርቅ ቀን ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ነበር፤ እኛ ነን ያላደረስናት። ኦቦ ጃራ ብቻ ናቸው ይህን ያላሉት። ሚንሃ የእጥበቱን ነገር ስትነግራቸው ጃንጥላቸውን ጥለው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ «ለምን አልነገርከኝም፣ ልጄ?» አሉት ወንዳፍራሽን። እኔም፣ እርስዎስ ለምን አልጠየቁትም ማለት አምሮኝ ነበር። ግን በምን አፌ?

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሌላ ሰው ሞተ። ኦቦ ጃራ እንዳትነኩት ብለው ነበር፤ ሁለት ሰዎች ተደብቀዋቸው ሄደው አንኳኩ። ወንዳፍራሽ ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አውርዶ ወጣ። ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ሮጬ መንገድ ላይ ያዝኩት። አብደሃል እንዴ፣ ዛሬ እንኳ እምቢ በል አልኩት። ጥቁር ሸሚዙ ከሰውነቱ ሰፍቶበታል። በመስኮቱ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ፊት እያየ መለሰልኝ።

«ዛሬ እምቢ ካልኩ፣ ያን ቀንም እምቢ ማለት እችል ነበር ማለት ነው።»

ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። አሁንም ይጭናል። ማክሰኞም ይጭናል፣ ዓርብም ይጭናል፤ አሁን ለቀናቱ የሚሳሳላቸው የለም። ሰዎች «ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው» ይላሉ። አንዳንዱ ደግሞ ቪትዟን ቢገዛ ኖሮ እያለ ይፈርዳል። ቪትዟን ቢገዛ ኖሮ ምናልባት በዚያው ሐምሌ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ፣ እኛም ከግቢያችን ሆነን እያየናት፣ ያው ስድስት ሰዓት ያልፍ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሰበታ ሁኑ፣ ቡራዩ ሁኑ፣ ሱሉልታ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሰፈራችሁ የሁሉን ዕቃ የሚጭን አንድ ሰው አለ፤ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ሂዱና፣ ምንም ሳታስጭኑት፣ «ቤትህ ውስጥ የሆነ ቦታ መድረስ ያለበት ሰው አለ? የት? በስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁት። ካለ፣ ያን ሰዓት ጻፉት፤ ያን ቀን ድንኳኑን በኪራይ መኪና አስጭኑ፤ እሱ ካልደረሰም እናንተ አድርሱለት።